ጠመንጃው ገባ፣ ደብተሩስ?

እኛ ሰዎች ለጠመንጃ ስም አንነፍግም። ስንቱ ዕቃ «ያ ነገር»፣ «ይኼ ማሽን» እየተባለ ሲጠራ ጠመንጃ ግን ከነሠሪው ስም ይታወቃል። አያቶቻችን ስናድር አሉ፤ ውጅግራ አሉ፤ ምንሽር አሉ። እኛ ደግሞ ክላሽ እንላለን። ከመለመዳቸው የተነሳ የሰፈር ልጅ ስም መስለውናል እንጂ ሁሉም የባዕድ አገር ሰዎች ናቸው። ስናድር ያልነው ጃኮብ ስናይደር የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ይዞት የመጣው መሣሪያ የሱ ፈጠራ ነበር። ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የመጣ ነው፤ ፉዚ ጠመንጃ ማለት ሲሆን ግራ ደግሞ የመኮንኑ የባዚል ግራ ስም ነው። ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊኸር፣ ክላሽም የሩሲያው ሚካኤል ካላሽኒኮቭ ነው። ከጠመንጃ ሌላ በሠሪው ስም አክብረን የምንጠራው ዕቃ ቢኖር ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ሳይሆን አይቀርም። እሱም ቢሆን ቀረርቶ አልወጣለትም።

ስሙን ማወቃችን ደግሞ ነገሩን ያወቅነው ያስመስለናል። አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን ላይ የፀጥታ ኃይሎች ሰልፍ ይታይ ነበር። መነጽር የተገጠመለት ረጅም ጠመንጃ የያዙ ልጆች ሲያልፉ ከጎኔ የነበሩት ሁለት ወጣቶች ወሬውን ያዙት።

«ይኼ እኮ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው የሚመታው!»

«ምን ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ! ዝንብ ብታልፍ ክንፏን ነው የሚቆርጥላት።»

አስተላላፊውም ከነሱ ብዙ አልራቀም፤ «ዘመናዊ»፣ «እጅግ ዘመናዊ»፣ «ኢላማውን የማይስት» እያለ ሰልፉ እስኪያልቅ አደረሰው። የልጆቹን የአሠለጣጠን ዘመን የጠቀሰ የለም። ጠመንጃውን ማን እንደሚያዛቸው፣ ከተኮሱ በኋላ ማን ምን እንደሚጠይቃቸውም እንዲሁ። ወሬው በሙሉ የዕቃ ወሬ ነው። የሰርግ መኪና ሲያልፍ «ይኼ የስንት ዓመት ሞዴል ነው?» እንደምንለው ዓይነት።

የዛሬው ሂሴ እንግዲህ ይችው «ኢላማውን የማይስት» የምትባል ቃል ላይ ነው። ቀላል ቃል መስላ ብዙ ሰው ታስታለች።

እስቲ ከብረቱ እንጀምር። አንድን ጠመንጃ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር አስራችሁ 100 ሜትር ላይ በተሰቀለ ወረቀት አምስት ጥይት ብትተኩሱበት፣ አምስቱም በአንድ ቀዳዳ አይገቡም፤ ይበታተናሉ። የጠመንጃ ትክክለኛነት ማለት ይኼ የመበታተኑ መጠን ነው። ጥሩ የሚባል አነጣጣሪ ጠመንጃ አምስቱን ጥይት 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባላት ክብ ውስጥ ይሰበስባል፤ የአንድ ብር ሳንቲም ታህላለች። ተራው ክላሽ ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይበትነዋል፤ የስኒ ማስቀመጫ ሰሃን በሉት። ያስተውሉ፤ ይኼ ሁሉ ጠመንጃው ታስሮ፣ አየሩ ጸጥ ብሎ፣ ማንም ሳይጮህ ነው። ብረቱ በልብ ምት፣ በትንፋሽ፣ በፍርሃትና በእንቅልፍ እጦት እጅ ውስጥ ሲገባ ሰሃኑ ትሪ፣ ትሪው ምጣድ ይሆናል።

አነጣጣሪ ጠመንጃ የሚባለው ራሱ ምስጢራዊ ነገር የለበትም። የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር እ.ኤ.አ. በ1966 የተቀበለው ኤም 40ም ሆነ የምድር ጦሩ በ1988 የያዘው ኤም 24 የተሠሩት ሬሚንግተን 700 በሚባል ጠመንጃ ላይ ነው። እሱ ደግሞ በአሜሪካ ገጠር አጋዘን የሚታደንበት ነው። በርሜሉ ይወፍራል፤ ሲሞቅ እንዳይጣመምና ከሰደፉ እንጨት ጋር እየተነካካ ጥይቱን እንዳያስት ራሱን ችሎ ይቀመጣል። ምላጩ በቀላሉ የሚሳብ ይሆናል። ጥይቱ ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ቀን ምርት ይመረጣል። መነጽሩ ይገጠማል። በቃ።

በነገራችን ላይ የኛ ጋዜጦች መነጽር ያለውን ሁሉ «ስናይፐር» ማለት ይወዳሉ። ከሶቪየቶች ዘመን ጀምሮ የምናውቀው ድራጉኖቭ አሥር ጥይት የሚጎርስና ዕቃውን አራት እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር ያለው ነው። የተሠራውም ከተራው ወታደር ጋር እየሮጠ፣ ክላሽ የማይደርስበትን እንዲደርስ እንጂ የታጋችን ጆሮ ሳይነካ አጋቹን እንዲመታ አልነበረም። ሁለቱን አንድ ስም መስጠት የመንደር ሐኪምንና የዓይን ቀዶ ጠጋኝን «ዶክተር» ብሎ እንደማለፍ ነው። ስሙ ትክክል ነው፤ ዓይንህን ግን ለየትኛው ትሰጣለህ?

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከዚህ ሁሉ ዕቃ ጋር የሚሄድ፣ ሰልፍ ላይ የማይታይ አንድ ነገር አለ። ደብተር ነው። እውነተኛ አነጣጣሪ ተኳሽ የራሱ ደብተር አለው። የተኮሰው ጥይት ሁሉ ይመዘገብበታል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ርቀቱ፣ ሙቀቱ፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የጥይቱ ዓይነት፣ የት እንዳለመና የት እንዳረፈ፣ ሁሉም። በርሜሉ ስንት ጥይት እንዳሳለፈ ከደብተሩ ይታወቃል፤ ጠመንጃው ያረጀው መቼ እንደሆነም እንደዚሁ። ለምን እንደሚያስፈልግ ከኛው መሬት ምሳሌ ልስጣችሁ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ይላሉ። ድሬዳዋ ሙቀት ላይ መነጽሩ የተስተካከለ ጠመንጃ አዲስ አበባ መጥቶ ሩቅ ቢተኮስበት ያንኑ ቦታ አይመታም። አየሩ ስለሚሳሳ ጥይቱን እምብዛም አይገታውም፤ በሌላ በኩል ብርዱ ባሩዱን ይለውጠዋል። ይኼንን የሚያስታውሰው ጠመንጃው አይደለም፤ ወረቀቱ ነው። ተኳሹ ደብተሩ ከሌለው ውድ ብረት የተሸከመ ሰው ነው።

ዓለም ይኼንን የተማረው በርካሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 የሙኒክ ኦሎምፒክን ታስታውሳላችሁ፤ የማታስታውሱም ሰምታችኋል። በነሐሴ 30 ቀን 1964 ዓ.ም. ንጋት ላይ ስምንት የፍልስጤም ታጣቂዎች የእስራኤል ስፖርተኞች ማረፊያ ገቡ። ሁለቱን እዚያው ገደሉ፤ ዘጠኙን አገቱ። ማታ ላይ ታጋቾቹንና አጋቾቹን በሄሊኮፕተር ወደ ፉርስተንፌልድብሩክ አየር ማረፊያ ወሰዷቸው፤ እዚያ ፖሊስ ሊያድናቸው አድፍጦ ነበር። ያደፈጡት ተኳሾች አምስት ናቸው። አጋቾቹ ግን ስምንት ናቸው! ስንት መሆናቸውን ቆጥሮ ለተኳሾቹ የነገራቸው የለም። አምስቱም አነጣጣሪ ተብለው የሠለጠኑ አልነበሩም፤ ተራ ፖሊሶች ናቸው። የያዙት የጦር ሠራዊቱን ጂ 3 ጠመንጃ ነው፤ መነጽር የለውም፤ ለጨለማ የሚሆን መሣሪያም የለውም። እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሬዲዮ እንኳ አልነበራቸውም። ውጤቱ ይታወቃል። ዘጠኙም ታጋቾች አለቁ፤ አንድ የጀርመን ፖሊስም ሞተ።

(የኛው ማሞ ወልዴ በዚያችው ከተማ፣ በዚያው ሳምንት መጨረሻ፣ በጳጉሜን 5 ማራቶን ሮጦ ሦስተኛ ወጣ። እኛ ያንን ዓመት የምናስታውሰው በሱ ነው፤ እንዲህም መሆኑ ደግ ነው።)

ጀርመኖች ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛው ለመጽሔት ሽፋን የሚመች ነው። ሄክለር ኡንድ ኮኽ ፒኤስጂ 1ን፣ ዋልተር ደግሞ ዳብልዩኤ 2000ን ሠሩ። ለፖሊስ አነጣጣሪ ተብለው የተሠሩ፣ ዋጋቸው የማይቀመስ ጠመንጃዎች ናቸው። የዋልተሩ ከውድነቱ የተነሳ ገዥ አጥቶ ከ200 ያነሰ ተሠርቶ ቀረ። ዛሬ የሙዚየምና የኮምፒውተር ጌም ጌጥ ነው። ሻይ ቤት ያገኘኋቸው ልጆችም ስሙን ሳያውቁት አይቀሩም። ሁለተኛው አሰልቺው ነው። ያው በዚያው ወር ጂኤስጂ 9 የሚባል ልዩ የፖሊስ ክፍል ማቋቋም ጀመሩና ለዓመታት አሠለጠኑት። ማን እንደሚያዝ፣ ማን እንደሚቆጥር፣ ማን ለማን እንደሚያወራ ወሰኑ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 8 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ እኛ በኦጋዴን ከሶማሊያ ጋር በምንዋጋበት ሰዓት፣ ይኸው ክፍል ሞቃዲሾ አየር ማረፊያ ላይ የተጠለፈውን የሉፍታንዛ አውሮፕላን ገብቶ ታጋቾቹን በሕይወት አወጣ። ሥራው የተሠራው በአውሮፕላን ወንበሮች መካከል፣ በክንድ ርቀት፣ በሽጉጥና በአጭር መሣሪያ ነበር። ያን ሁሉ ዋጋ የሚያወጣው ባለ መነጽር ጠመንጃ እዚያ ውስጥ ሥራ አልነበረውም።

ሽጉጥን ካነሳን አይቀር እሱም የራሱ አፈ ታሪክ አለው። በኛ ዘንድ ሽጉጥ ከመሣሪያነቱ ይልቅ ማዕረግነቱ ይበልጣል። ኮቱ ወገቡ ላይ ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ሲያልፍ መንገድ የምንለቀው ለምን ይመስላችኋል? በጉምሩክ ዜና ላይ «የቱርክ ሽጉጥ» የሚለውን ስንሰማ ኖረናል፤ ገዥው ሁሉ ጠላት ኖሮት ነው ለማለት ይቸግራል። ፊልም ላይ ደግሞ ባለ ሽጉጡ እየሮጠ፣ እየተንከባለለ፣ ወደኋላ ሳያይ ይተኩስና ይመታል።

እስቲ በፊልም አገር የሚሠሩትን ፖሊሶች እንይ። የኒው ዮርክ ፖሊስ ዓለም ላይ ደመወዝም፣ ሥልጠናም፣ ጥይትም ከማይነፈጋቸው ፖሊሶች አንዱ ነው። ራንድ የሚባለው የጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት ከ1998 እስከ 2006 ያለውን መዝገብ ሲመረምር፣ ፖሊሶቹ ተኩስ ልውውጥ ውስጥ ሆነው ከተኮሷቸው ጥይቶች ኢላማውን ያገኙት 18 በመቶው ብቻ ሆነው ተገኙ። የሚተኩስባቸው ሰው በሌለበት እንኳ 30 በመቶ ነበር። ርቀቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ክፍል ወርድ የማይበልጥ ነው። ከአምስት ጥይት አራቱ የት ሄዱ ማለት ነው? ግድግዳ፣ መኪና፣ አስፋልት፣ ወይም ሌላ ሰው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ በር ላይ አንድ ነፍሰ ገዳይ ሽጉጡን ሲያዞርባቸው ሁለት ፖሊሶች 16 ጥይት ተኩሰው ገደሉት። በዚያው ቅጽበት ዘጠኝ መንገደኞች ቆሰሉ፤ ዘጠኙም በፖሊስ ጥይትና ፍንጣሪ ነው። ከዚያ በፊትም በ1999 አማዱ ዲያሎ የሚባል የጊኒ ስደተኛ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ቦርሳውን ሲያወጣ «ሽጉጥ መዘዘ» ብለው አራት ፖሊሶች 41 ጥይት ተኩሰውበታል። 19ኙ አገኙት። በእጁ ምንም መሣሪያ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ አራቱንም በነጻ አሰናበታቸው።

ልብ በሉልኝ፤ እነዚህን ቁጥሮች የማውቃቸው ስለተጻፉ ነው። 41 እና 19፣ 16 እና 9፣ 18 በመቶ። ቀለሁን ከአስፋልት ላይ ለቅሞ የቆጠረ ሰው አለ። የተኮሰው ፖሊስ ሽጉጡን አስረክቦ ቃሉን ሰጥቷል። ቁጥሩ የሚያሳፍራቸው ሆኖም ጻፉት፤ ለውጭ አጥኚም አሳዩት። ፍርዱ አልጣመኝም፤ የዲያሎ እናትንም እንዳልጣማቸው ይታወቃል። መዝገቡ ግን አለ።

አሁን ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ወደሚከነክነኝ ጉዳይ ልግባ። የእንግሊዝ ፖሊስ በ1829 ሲቋቋም ጠመንጃ እንዳይዝ ተደርጎ ነው፤ ዛሬም አብዛኛው መሣሪያ የለውም። የሚይዙት ጥቂቶቹ ደግሞ በደንብ የሠለጠኑ ናቸው። በሰኔ 1997 ዓ.ም. መጨረሻ ለንደን በቦምብ ተናውጣ ነበር። በሐምሌ 15 ቀን ስቶክዌል በሚባል የባቡር ጣቢያ ውስጥ ፖሊሶች አንድ ወጣት አጥፍቶ ጠፊ ነው ብለው ያዙትና ጭንቅላቱን ሰባት ጊዜ መቱት። አንዱ ትከሻውን አገኘው። ዣን ቻርልስ ደ ሜኔዜስ ይባላል፤ የ27 ዓመት ብራዚላዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ከቦምቡ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ከሚፈለገው ሰው ጋር የሚያገናኘው የሚኖሩበት ሕንፃ አንድ መሆኑ ነው። ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ማንነቱን ለይቶ በካሜራ እንዲቀርጽ የተመደበው ተመልካች ለሽንት ዞር ብሎ ነበር።

በሻይ ቤቱ መለኪያ ብንመዝነው ይኼ ተኩስ እንከን የለውም። ያለሙትን ሰው አግኝተዋል። አንድ መንገደኛ አልቆሰለም። የሞተው ግን ሌላ ሰው ነው! ጥይቱ ላይ አቃቂር የሚወጣለት የለም፤ ስህተቱ ከጥይቱ በፊት የነበረው ሁሉ ነው። እይታው፣ ሬዲዮው፣ ትእዛዙ፣ «እሱ ነው» ያለው ሰው እና «ይመስላል» ያለው ሰው። ታዲያ በ2007 ፍርድ ቤት የለንደንን ፖሊስ የቀጣው በሥራ ቦታ ደኅንነት ሕግ ነው፤ 175,000 ፓውንድ። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ መከለያ ያላደረገ ባለቤት እንደሚቀጣው ማለት ነው። የሚያስቅም የሚያስለቅስም ፍርድ ነው። በዓመቱ ደግሞ አሟሟቱን የመረመሩት ዳኛ አማካሪዎች ፖሊሱ «የታጠቀ ፖሊስ ነኝ!» ብሎ ጮኋል የተባለውን አልተቀበሉትም።

የለንደኑ ቀን የትኛው ወር ላይ እንደዋለ አስተውላችኋል? ሰኔ 1 ቀን 1997 አዲስ አበባ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ዣን ቻርልስ የተገደለው ከዚያ ስድስት ሳምንት በኋላ ነው። በጥቅምትና በኅዳር 1998 ደግሞ እንደገና ተተኮሰ። ተጣሪ ኮሚሽኑ በመጨረሻ ለፓርላማ ያቀረበው 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን፣ 763 ሰው መቁሰሉን ነው። ኃይሉ ከመጠን ያለፈ አልነበረም ተብሎም ተነገረን። ሰብሳቢውና ምክትላቸው ግን ከአገር ወጥተው፣ መጀመሪያ ድምፅ ሲሰጥ 8 ለ 2 ኃይሉ ከመጠን ያለፈ ነው ተብሎ ነበር አሉ። ያኔ ወሬው ሁሉ «ስናይፐር ነው»፣ «አይደለም ክላሽ ነው» የሚል ነበር። ጨዋ ሰው ሁሉ የጠመንጃ ሊቅ ሆኖ ሰነበተ። ስናይፐር ከሆነ ማን አስነጣጠረው? ክላሽ ከሆነ ክላሽ ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል? ሁለቱም ጥያቄ ከብረቱ አልፎ ሰው ጋ ይደርሳል። እኛ ግን ብረቱ ላይ ቆመን ቀረን።

ክላሽ ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል የሚለውን እኔ በግሌ ዛሬም እጠይቃለሁ። ባንክ በር ላይ፣ ስታዲየም መግቢያ ላይ፣ የታክሲ ሰልፍ አጠገብ ክላሽ ያነገተ ጥበቃ ወይም ፖሊስ ማየት ብርቃችን አይደለም። ይኼ መሣሪያ ጥይቱን በሰከንድ 700 ሜትር በላይ እያስወነጨፈ፣ ምላጩ ተይዞ ከቆየ በደቂቃ 600 በሚያህል ፍጥነት የሚተፋ የጦር ሜዳ ዕቃ ነው። የማነጣጠሪያው ቁጥር መጀመሪያ ሲሠራ 800 ሜትር፣ በኋላ ሲሻሻል 1,000 ሜትር ድረስ የተጻፈበት ነው። መቆለፊያውን ዝቅ ስታደርጉት መጀመሪያ የምታገኙት በተከታታይ መተኮሻውን ነው፤ አንድ በአንድ መተኮሻው መጨረሻ ላይ ነው። የፈራ አውራ ጣት የት ላይ እንደሚቆም እናንተው ገምቱ። ቆርቆሮ አያቆመውም፤ የጭቃ ግድግዳም የሚመካበት አይደለም። ሌባ ላይ የተተኮሰ ጥይት ሌባውን ስቶ ሦስተኛው ግቢ ውስጥ ቡና የምትፈላ ሴት ጋ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

«ታዲያ ሽጉጥ ይያዙ?» ትሉኝ ይሆናል። 18 በመቶውን አትርሱ። «ባለ መነጽሩን ይያዙ?» የፖሊስ አነጣጣሪ የሚተኩሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሜትር ባነሰ ርቀት ነው፤ ሁለት ኪሎ ሜትሩ የወታደር ወሬ ነው፤ ፖሊስ አንድ ሰው በዓመታት አንድ ጊዜ ለሚተኩሰው ጥይት ዓመቱን ሙሉ የሚለማመድበት ሥራ ነው። ልምምዱ ከጠመንጃው ይልቃል፤ ጥይቱም ልምምዱም ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚመጣው። ጠመንጃ መግዛት የአንድ ቀን ወጪ ነው፤ ሰልፍ ላይም ያምራል። ልምምዱ ግን በየወሩ የሚከፈል ዕዳ ነው፤ ቴሌቪዥን ላይም አይታይም።

ጎረቤቴ የሆኑ ጡረታ የወጡ የፖሊስ ሻምበል አሉ። አንድ ቀን ይኼንኑ አንስቼባቸው፣

«ጋሼ፣ በእርስዎ ጊዜ ጥሩ ተኳሽ ነበሩ?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ጥሩ ተኳሽ መሆኔን ማን ያውቃል! በዓመት ስንት ጥይት ለልምምድ እንሰጥ ነበር መሰለህ? እሷንም ቀለሁን ቆጥረን ካልመለስን ጉድ ይፈላል። አንዷ ቀለህ ሣር ውስጥ ገብታ ጠፍታብን ሃምሳ አለቃው እስኪመሽ በጉልበታችን አስኬደን።»

«ይኼን ያህል ለቀለህ?»

«ለቀለህ አይደለም እኮ! ለተቆጠረው። ሰደፉ ላይ ቁጥር አለ፤ ጥይቱ በፊርማ ነው የሚወጣው። ከተኮስክ በምን ምክንያት ተኮስክ? ማን አዘዘህ? ቀሪው የት አለ? ያንን ሁሉ ከመጻፍ ዱላ ይዞ መሮጥ ይቀል ነበር።»

ቂም እየመሰላቸው የነገሩኝ ነገር ለኔ ከጂኤስጂ 9 ታሪክ አላነሰብኝም። በሳቸው ጊዜ የነበረው ፖሊስ መልአክ ነበር አልልም፤ እሳቸውም አላሉም። ግን ያ የሚያሰለቸው ፊርማ፣ ያ «ቀሪው የት አለ?» የሚል ጥያቄ፣ ከምላጩ በፊት ጣትን የሚያቆም ነገር እንደነበረው ከአነጋገራቸው ይሰማል። «ዱላ ይዞ መሮጥ ይቀል ነበር።» ሰው በሕይወት የሚቀረው አንዳንድ ጊዜ መጻፍ ስለሚሰለች ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 ሃቫና ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የሕግ አስከባሪዎችን የመሣሪያ አጠቃቀም መመሪያ ሲያጸድቅ ያስቀመጠውም ከሻምበሉ ብዙ አይርቅም። ለመግደል ተብሎ የሚተኮሰው ሕይወትን ለማዳን ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው ይላል። ፖሊስ የሚይዘው መሣሪያና ጥይት ያለ አግባብ ጉዳት የሚያደርስ እንዳይሆን፣ መሣሪያ የሚሰጠው ፖሊስ ለተሰጠው መሣሪያ ኃላፊ እንዲሆን፣ ሰው ከተጎዳም ወዲያው ለአለቃ እንዲጻፍ ያዛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ም ስለ ፈቃድና ስለ ምዝገባ ብዙ ይላል። ቤት ውስጥ አያቱ የተዉለትን ምንሽር የያዘ ገበሬ ይመዝገብ ማለት ተገቢ ነው። የመንግሥት ጥይት ምዝገባስ ለማን ይነበባል?

ስለ ካላሽኒኮቭ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ላልፍ ነበር። ሰውየው በ94 ዓመታቸው በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. አረፉ። በቀጣዩ ወር አንድ የሞስኮ ጋዜጣ፣ ከመሞታቸው በፊት ለሩሲያው ፓትርያርክ የጻፉትን ደብዳቤ አወጣ። ነፍሳቸውን የሚያሳምማቸው አንድ ጥያቄ እንዳለ ይናገራሉ። ጠመንጃቸው የሰው ሕይወት ካጠፋ፣ ለጠላት ሕይወትም ቢሆን፣ እሳቸው ጥፋተኛ ናቸው ወይስ አይደሉም ብለው ይጠይቃሉ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በቃል አቀባይዋ በኩል የሰጠችው መልስ አገርን ለመጠበቅ የተሠራ መሣሪያን እንደምትደግፍ ነበር። ሽማግሌው ያንን ያህል የተጨነቁለትን ሒሳብ፣ በስማቸው የተጠራውን ብረት ትከሻው ላይ አንግቶ ባንክ በር ላይ የቆመው ልጅ አንድ ቀን ሊጠየቅበት ይችላል። የሚጽፍበት ደብተር ግን እስካሁን አልተሰጠውም።